አንዲት ዛፍና አንድ ጆንያ ከሰል

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ የቡናው ለቀማ ገና ሳይጠናቀቅ፣ ከአጋሮ ወጣ ብሎ ጎማ ወረዳ ውስጥ ወደሚገኘው የአጎቴ ማሳ ሄጄ ነበር። አጎቴ በማሳው መካከል ከቆመች አንዲት ትልቅ ሰሳ፣ እዚያ አካባቢ አምባቤሳ ከምትባለው ዛፍ ሥር አቆመኝና ግንዷን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ፣ «ልጄ፣ አንቺ ኬሚስትሪ የምታስተምሪ ሰው ነሽ፤ ይህቺን አንዲት ዛፍ ብቆርጣት የዓለም አየር ይለወጣል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ከልቡ ነበር። አንድ ገዢ ግንዱን ለጣውላ፣ ቅርንጫፉን ለከሰል ሊወስድ ዋጋ ቆርጦለታል፤ ዛፏ የምታጠላበት ቦታም ለጫት ይሆናል። ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይለቀማል፣ ገንዘቡም እዚያው ደጃፍ ላይ ይቆጠራል። ቡና ግን በዓመት አንዴ ነው፤ ዋጋውም እርሱ በማያውቀው አገር ይወሰናል። የቤቱ ቆርቆሮ ካረጀ ቆይቷል፤ ታናሽ ልጁም ኮሌጅ ገብታለች።

በዚያ ቀን መልስ አልሰጠሁትም። «አዎ፣ ይለወጣል» ብዬ ብመልስለት ውሸት ይሆናል፤ «አይለወጥም» ብለው ደግሞ ዛፏ በእኔ ምስክርነት እንደተቆረጠች ይቆጠራል። ወደ ጅማ ከተመለስኩ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም፤ ምክንያቱም ይህ የአጎቴ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚጠይቁኝ፣ እኔም ከሰል በገዛሁ ቁጥር ለራሴ የማነሣው ጥያቄ ነው። የአንድ ሰው ምርጫ በአየር ንብረት ለውጥ ላይ ለውጥ ያመጣል ወይስ አያመጣም? ከዚህ በታች የጻፍኩት ለአጎቴ ልሰጠው የሚገባኝ የነበረውን መልስ ነው።

በመጀመሪያ ሂሳቡን በቅንነት መሥራት ያስፈልጋል። የሰው ልጅ ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ በዓመት 37 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቃል። ይህ ለሕዝብ ሲካፈል አንድ አሜሪካዊ በአማካይ 14 ቶን ያህል ሲደርሰው፣ የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ ግን 0.2 ቶን እንኳ አይሞላም። ከ120 ሚሊዮን በላይ የምንሆነው እኛ ሁላችን አንድ ላይ ተደምረን ከዓለም የነዳጅ ጭስ የሚደርሰን ከሺህ አንድ እጅ በታች ነው። ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት በአየር ውስጥ ከሚሊዮን እጅ 280 ገደማ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ ከ420 በላይ የሆነው በአጋሮ ገበሬ ወይም በጅማ ባጃጅ አይደለም። ስለዚህ አንድ የጅማ ነዋሪ አምፖሉን ቢለውጥ፣ በእግሩ ቢሄድ፣ ፌስታል መያዝ ቢተው፣ በዓለም የሙቀት መጠን ላይ የሚያሳየው ልዩነት በየትኛውም መሣሪያ የሚለካ አይሆንም። (ፌስታልን በተመለከተ፣ የአዌቱን ወንዝ እየዘጋ ከተማችንን ማበላሸቱ ራሱን የቻለ በቂ ምክንያት ስለሆነ ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር ማምታታት አያስፈልግም።)

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ። «የካርቦን አሻራ» የሚባለውን፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጭስ እየለካ እንዲጸጸት የሚያደርገውን አነጋገር በዓለም ዙሪያ በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ ቢፒ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ሰዎች የራሳቸውን ድርሻ የሚያሰሉበት መሣሪያ በድረ ገጹ አውጥቶ ነበር። ነዳጁን የሚያወጣው ኩባንያ ሸክሙን ወደ ገዢው ትከሻ ሲያዞር፣ ገዢው ያለውን ምርጫ የሠራው ማን እንደሆነ ይረሳል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት አውሮፕላኖች ቆመው፣ መንገዶች ባዶ ሆነው፣ ቢሊዮን ሰው ቤቱ በተቀመጠበት ዓመት እንኳ የዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት የቀነሰው በአምስት ከመቶ ገደማ ነው። ያን ያህል የግል ኑሮ ለውጥ ያስገኘው ይህን ከሆነ፣ የቀረው ትልቁ ክፍል የሚገኘው በኃይል ማመንጫዎች፣ በሲሚንቶና በብረት ፋብሪካዎች፣ በከተሞች አሠራርና በግብርናው ውስጥ ነው ማለት ነው፤ እነዚህንም የሚለውጠው ሕግና ገንዘብ ነው።

ይህን ስል ግን የግል ምርጫ ለማንም ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ከዓለም ሕዝብ እጅግ ሀብታም የሆነው አሥር ከመቶ ከጠቅላላው ልቀት ግማሽ ያህሉን እንደሚይዝ ይገመታል። ከአሜሪካ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ የሚደረግ አንድ የአውሮፕላን ጉዞ ለአንድ መንገደኛ ከአንድ ቶን በላይ ይደርሳል፤ ይህም በነዳጅ በኩል አንድ ኢትዮጵያዊ በአምስት ዓመት ውስጥ ከሚለቀው ይበልጣል። ለዚያ ሰው የመብረርና ያለመብረር ምርጫ እውነተኛ ክብደት አለው። ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቼ ለለቅሶና ለሠርግ እንዳይመጡ የምመክር ግን አይደለሁም፤ ዘመድ ከማየት በፊት ሊቀነስ የሚችል ብዙ በረራ በዓለም ላይ አለ።

አሁን ወደ ማዕድ ቤቴ ልመለስ፤ በእኛ አገር ነገሩ የሚገኘው እዚያ ነውና። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ውስጥ፣ የአገሪቱ ዓመታዊ ልቀት በ2010 ወደ 150 ሚሊዮን ቶን እንደነበረ፣ ከዚህም ግማሹ ከግብርና፣ በተለይም ከከብት እርባታ፣ 37 ከመቶው ደግሞ ከደን መመንጠርና ከእንጨት ማገዶ እንደሚመጣ ተገልጿል። የእኛ ጭስ ከመኪና ጭስ ማውጫ ይልቅ ከመሬታችንና ከምድጃችን የሚወጣ ነው። በነዳጅ ሂሳብ ላይ የማይታየውም ይህ ነው።

እኔ የምኖረው መንደራ ቆጪ ውስጥ፣ አምስት አባወራ በኪራይ በሚኖርበት ግቢ ነው። የእኔ ቤተሰብ አምስት ሰው ሲሆን በወር አንድ ጆንያ ከሰል እንጨርስ ነበር። አንድ ቀን ጆንያውን በር ላይ ካወረደችልኝ ሴት ተቀብዬ፣ ጎረቤታችን ካለው የእህል ነጋዴ ሚዛን ላይ አስመዘንኩት፤ 31 ኪሎ ሆነ። በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰልበት በተለመደው አሠራር አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንጨት ይቃጠላል። በዚህ ስሌት የእኛ ቤት በዓመት የሚያነደው እንጨት ከሁለት ቶን ይበልጥ ነበር። ከደረቅ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው፤ ካርቦን ሲቃጠል ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ክብደቱ ወደ 3.67 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ አራት ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ለእያንዳንዳችን 0.8 ቶን፣ ከዚያች ትንሽ ምድጃ ይወጣ ነበር ማለት ነው። እንጨቱ ከተተከለ ባሕር ዛፍ የመጣና በቦታው ሌላ የሚበቅል ከሆነ ጭሱን አዲሱ ዛፍ መልሶ ይስበዋል። ከተፈጥሮ ጫካ የመጣና ቦታው እርሻ የሚሆን ከሆነ ግን የሚመልሰው የለም። ከሰል ሻጯን ከየት እንደመጣ ስጠይቃት፣ «እትዬ፣ ከጫካ ነዋ» አለችኝ፤ ጥያቄዬ ለእርሷ እንግዳ ነበር።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ለመግዛት የወሰንኩት ከዚያ በኋላ ነው። ውሳኔው የእኔ ነበር፤ ተግባራዊ ለማድረግ ግን የእኔ ውሳኔ አልበቃም። ምጣዱ 3,500 ዋት ይስባል። ግቢያችን ያለው አንድ ቆጣሪ ነው፤ ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ ከተሰካ ብሬከሩ ይዘላል። አከራያችን ቆጣሪው እንዳይበላሽ፣ ሂሳቡም እንዳይከብዳት ሰግታ መጀመሪያ ከለከለችን። የምጣዱ ዋጋም ለአንድ ሰው ደመወዝ ከባድ ነበር። በመጨረሻ የግቢው ሴቶች እቁብ ጣልን፤ ከእቁቡ ሁለት ምጣድ ተገዛ፤ የመጋገሪያ ተራ አወጣን፤ ሂሳቡን በጋገርነው ልክ ልንካፈል ተስማማን። እኔ ማክሰኞና ዓርብ ማታ ነኝ። ከዚያም የየግል ቆጣሪ ለማስገባት ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጥያቄ አቀረብን። ለብቻዬ ባመለከትኩበት ጊዜ ሰባት ወር ያለ መልስ ቆይቼ ነበር፤ አምስታችን ተፈራርመን፣ በተከታታይ እየሄድን ስንጠይቅ ግን በሦስተኛው ወር ሦስት ቆጣሪ ገባልን። የቀሩት ሁለት ቤቶች እስካሁን እየጠበቁ ነው።

ሰው ሁሉ በዚህ ጉዳይ ላይ ሲናገር «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል። ተረቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በትክክል መስማት ይገባል። «ቢያብር» ነው የሚለው። በየፊናው የተበተነ ድር ሺህ ቢሆንም ምንም አያስርም። የእኔ ከሰል መቀነስ ለዓለም ሙቀት ምንም አይደለም፤ የአምስት ቤት ማመልከቻ ግን ቆጣሪ አስገብቷል፤ ከእኛ በኋላ ቀጥሎ ያለው ግቢም እቁብ ጀምሯል። የአንድ ሰው ምርጫ ዋጋ የሚያገኘው በዚህ መንገድ ይመስለኛል፦ ጎረቤት አይቶት የሚከተለው፣ ተደምሮም የመሥሪያ ቤት በር የሚያንኳኳ ሲሆን። ማንም ሳያየው በጓዳ የሚፈጸም በጎ ተግባር ለሕሊና ይጠቅም ይሆናል፤ ለአየሩ ግን አይደርስም።

መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋ ከሰሉን ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም። የቡና ከሰልም አለ። ጀበናውን ከረከቦቱ አጠገብ ጥዶ፣ ፍሙን እያራገቡ፣ ጎረቤት ጠርቶ የሚጠጣ ቡናን በኤሌክትሪክ ምድጃ ልተካው አልፈልግም፤ ለዚህም አልጸጸትም፤ ለአንድ ጀበና የሚበቃው ከሰል እፍኝ ነው። ትልቁ ጭስ የእንጀራና የወጥ ነበር። ዛሬ አንድ ጆንያ አራት ወር ይቆየኛል። በቤት ውስጥ የማገዶ ጭስ በመላው ዓለም እ.ኤ.አ. በ2020 ለ3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በጭስ ቤት ስትጋግር ዓይኗ ተጎድቷል። ለእኔ ምጣዱን ለመግዛት የእርሷ ዓይን ብቻ በበቃ ነበር።

ኤሌክትሪኩ ከየት ይመጣል የሚለውም መጠየቅ አለበት። የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ ጭሱ እጅግ ጥቂት ነው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የተጓዘ ሰው ሁሉ የግልገል ጊቤን ሰው ሠራሽ ሐይቅ ያውቀዋል፤ ግድቡ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ እየሠራ ነው። ወደዚያ ሐይቅ የሚገቡት ወንዞች የሚያመጡት ደለል የግድቡን ዕድሜ የሚያሳጥር መሆኑ ሲነገር ቆይቷል። ደለሉ የሚመጣው ዛፍ ከተመነጠረበት ተዳፋት ነው። የእኔ ምጣድ የሚሠራው በዚህ ዞን ኮረብታዎች ላይ አፈሩን የሚይዝ ዛፍ እስካለ ድረስ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ወደ አጎቴ ዛፍ ልመለስ። ያቺ ሰሳ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚያቅፋት ናት። ደረቅ እንጨቷ ሁለት ቶን ብቻ ቢሆን እንኳ አንድ ቶን ካርቦን ይዛለች፤ ብትቃጠል 3.67 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትለቃለች። ይህም አንድ ኢትዮጵያዊ ቢያንስ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ከነዳጅ ከሚለቀው ጋር እኩል ነው። ዓለምን አትለውጥም፤ ነገር ግን አጎቴ በሕይወቱ ውስጥ በአንድ ቀን ሊያደርጋቸው ከሚችላቸው ውሳኔዎች ሁሉ ይህን ያህል ካርቦን የሚያንቀሳቅስ ሌላ የለም። መኪና የለውም፤ አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም፤ ሥጋ የሚበላው በበዓል ነው። ለሌላ አገር ሰው የተጻፈ ምክር ለእርሱ ምንም አይለውም፤ ዛፏ ግን በእጁ ናት። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር እኔም ከተማሪዎቼ ጋር ስተክል ነበር፤ ነገር ግን የዚያች ሰሳ ያህል ካርቦን ለመያዝ ችግኞቹ ስንት ዓመት እንደሚፈጅባቸውና የሚንከባከባቸውም ሰው እንደሚያስፈልጋቸው ከሚተክሉት ሰዎች መካከል ጥቂቱ ብቻ የሚያስበው ይመስለኛል።

ከካርቦኑ ይልቅ ለአጎቴ ቅርብ የሆነው ጥላው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት፣ የለንደኑ የኪው ዕፅዋት ተቋም ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ባለሙያዎች ጋር ሆነው ያካሄዱት፣ ምንም ካልተደረገ በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የአገራችን መሬት ከ39 እስከ 59 ከመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ለቡና የሚሆነው ቦታ ወደ ከፍታ ይሸሻል፤ ገበሬው ግን ማሳውን ተሸክሞ ወደ ተራራ አይወጣም። የጥላ ዛፍ የቡናውን አካባቢ ያቀዘቅዛል፣ እርጥበት ይይዛል፣ የአበባውን ወቅት ድርቅ ያለዝባል። ሙቀቱን ያመጡት ሌሎች ናቸው፤ ሙቀቱ ሲደርስ የሚከልለው ግን በእርሱ ማሳ ላይ የቆመው ዛፍ ነው። ግፉ ይህ መሆኑን አልክድም።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ ማሳዎችን ባጠፋ ጊዜ፣ መልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ያገኘው በደቡብ ምዕራብ ጫካዎችና ማሳዎች ውስጥ በሽታው ካልጎዳቸው፣ አንድ በአንድ ከተመረጡ እናት የቡና ዛፎች ነው። አጎቴ ማሳ ላይ ያለው 74110 የሚባለው ዝርያ የዚያ ሥራ ውጤት ነው። «አንዲት ዛፍ ምን ታደርጋለች?» ለሚለው ጥያቄ የእርሱ ማሳ ራሱ መልስ ይዟል፤ ያኔ ያቺ እናት ዛፍ ተመንጥራ ቢሆን ኖሮ ዝርያው አይኖርም ነበር።

እነዚህን ሁሉ ይዤ ጥር ላይ ተመልሼ ሄድኩ። ወረቀት አውጥቼ ሂሳቡን በፊቱ ሠራሁለት። አጎቴ እስክጨርስ ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «ይገባኛል፤ ታዲያ ያንን የአሥራ ስምንት ዓመት ጭስ እኔ ይዤ ስቆም ማን ይከፍለኛል?» አለኝ።

ለዚህ ጥያቄ ያለኝ መልስ ግማሽ ነው። በጅማ ዞን በሚገኘው የበለጠ ጌራ ጫካ ውስጥ ቡና የሚለቅሙ ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ2007፣ ምርቱ ደን ሳይጎዳ መገኘቱን ከሚመሰክረው ሬይንፎረስት አሊያንስ ከተባለው ድርጅት ማረጋገጫ አግኝተው ቡናቸውን በተሻለ ዋጋ መሸጥ ጀምረው ነበር፤ በሳተላይት ምስል የተደረገ ጥናትም ማረጋገጫ ያገኘው ጫካ ካላገኘው በተሻለ ሁኔታ እንደተጠበቀ አሳይቷል። እዚህ ላይ ጃፓን ወይም አውሮፓ ውስጥ ሱቅ ገብቶ ያንን ቡና የመረጠ ሰው የግል ምርጫ ጌራ ድረስ ደርሷል ማለት እንችላለን፤ የደረሰው ግን መሃል ላይ ማረጋገጫ የሚሰጥ ድርጅት፣ የገበሬ ማኅበርና ገዢ ስላሉ ነው። አውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ ደግሞ ከታኅሣሥ 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተመረተበት መሬት የመጣ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል፤ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን በተደጋጋሚ ቢራዘምም። ሕጉ ከደጋግ ሸማቾች ምርጫ የበለጠ ኃይል አለው፤ ነገር ግን የሚቀጣ እንጂ የሚከፍል አይደለም። አጎቴ የሚፈልገው የሚከፍለውን ነው፤ ትክክልም ነው። ዛፉን ጠብቆ በማቆየቱ የሚጠቀሙት ብዙዎች ሆነው ሳሉ ወጪውን ብቻውን እንዲችል መጠየቅ ምክር ሳይሆን በደል ነው።

ይህንን ነገርኩት። እርሱ ያለበት የገበሬ ማኅበር የጥላ ዛፍ ላላቸው ማሳዎች የተለየ ክፍያ እንዲጠይቅ በሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳቡን እንዲያነሣ ተማከርን፤ ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩለት፤ አሥራ አንድ ገበሬዎች ፈርመውበታል። ጫቱን በማሳው ዳር፣ ቀድሞ ባዶ በነበረው ቁራሽ መሬት ላይ ተክሏል። ገዢው ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጥቶ ዋጋ ጨምሮለታል። ባለፈው ሳምንት ስደውልለት የሰሳዋን የታችኛውን ቅርንጫፎች መልምሎ ለማገዶ እንደተጠቀመ፣ ግንዷን ግን እንዳልነካ፣ ማኅበሩ እስኪመልስለት ድረስም እንደሚጠብቅ ነገረኝ። «እስከ መቼ ድረስ ነው፣ ጋሼ?» ብዬ ጠየቅኩት። «እስከ መስከረም» አለኝ።